ስፊንክስ የተቀመጠበት የብር ሻይ ዕቃ፦ የፈርዖን አይደለም፣ ለማቅለጫም አይሸጥም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሜሪላንድ ውስጥ የምንከባከባቸው አንዲት አዛውንት ሲያርፉ ልጃቸው ለማስታወሻ ብላ የብር የሻይ ዕቃ ሰጠችኝ። ማንቆርቆሪያ፣ የስኳር ዕቃና የወተት ማቅረቢያ ነው፤ ሦስቱ አንድ ላይ 1,650 ግራም ይመዝናሉ። ክዳናቸው ላይ ስፊንክስ ተቀምጧል፤ እግራቸው ላይ ራሳቸውን በጨርቅ የሸፈኑ ሴቶች ፊት አለ፤ ዙሪያውን የጥንት ግብጽ ጽሑፍ የሚመስል ነገር ተቀርጾበታል። ከሥሩ አንበሳ፣ መልሕቅና ‹ጂ› የሚባለው የላቲን ፊደል፣ ‹ስተርሊንግ› የሚል ቃል፣ ቁጥርና ‹ዲ› የሚባለው ፊደል ተመትቶበታል። አብረው 12 ማንኪያዎች ሰጥታኛለች፤ 1847 ሮጀርስ ብሮስ ይላሉ። የእህቴ ልጅ ‹ከመቃብር የወጣ ቅርስ ነው፣ ያስጠይቅሻል› አለኝ። ወርቅ የሚገዛ ሱቅ ደግሞ ሁሉንም ባንድ ላይ መዝኖ በግራም ልግዛሽ አለኝ። የስኳር ዕቃው ውስጡ ቢጫ ሆኗል፣ ቅርጹ መሀል ጠቁሯል። እናቴ በአመድና በሎሚ ፈትጊው ትላለች። ምን ላድርግ?»

ከመቃብር አልወጣም። ከነገሩኝ ምልክት ተነሥቼ ስናገር፣ ዕቃው የተሠራው አሜሪካ ውስጥ ሮድ አይላንድ፣ ፕሮቪደንስ ከተማ፣ ጎርሃም በተባለው የብር ፋብሪካ በ1871 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አንበሳ፣ መልሕቅና «ጂ» ጎን ለጎን ሲቆሙ የጎርሃም ምልክት ይሆናሉ። ፋብሪካው ከ1868 ጀምሮ የዓመት ፊደል ይመታ ነበር፤ 1868ን «ኤ» ብሎ ጀምሮ እስከ 1884 በፊደል ተራ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ በሥዕላዊ ምልክት ቀጠለ። «ዲ» አራተኛው ፊደል ስለሆነ 1871 ላይ ያደርሰናል። ቁጥሩ የሞዴሉ መለያ ነው። የጎርሃም መዝገቦች ዛሬ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ጆን ሄይ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሚገኙ፣ ያንን ቁጥር ዝም ብሎ የተመታ ጭረት አድርገው አይዩት።

ብዙ ሰው እዚህ ምልክት ላይ የሚሳሳተው በሌላ አቅጣጫ ነው። በእንግሊዝ አገር የሚራመድ አንበሳ የስተርሊንግ ብር ማረጋገጫ፣ መልሕቅ ደግሞ የበርሚንግሃም የፍተሻ ቢሮ ምልክት ነው። ጎርሃም ምልክቱን ያን እንዲመስል አድርጎ ስለሠራው አንዳንድ ሻጭ «የእንግሊዝ ነው» ብሎ ይሸጣል። በእንግሊዝ ምልክቱን የሚመታው በሕግ የተቋቋመ የፍተሻ ቢሮ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ምልክቱ የፋብሪካው የራሱ ቃል ነው። ስለዚህ «ስተርሊንግ» የሚለው ቃል መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ጎርሃም ራሱ በብር የተለበጠ ዕቃም ይሠራ ነበርና። ስተርሊንግ ማለት ከ1,000 እጅ 925 ብር፣ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው።

እውነተኛ የጥንት ግብጽ የብር ዕቃ ቢሆንማ ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ። በጥንቷ ግብጽ ብር እንደ ወርቅ በቅርብ የሚገኝ አልነበረም፤ በጥንቱ ዘመን ከወርቅ በላይ ብርቅ የሆነበት ጊዜም ነበር። በ1906 ቴል ባስታ ላይ የተገኙት የብር ማንቆርቆሪያዎችና ሳህኖች፣ እንዲሁም ታኒስ ላይ የተገኘው የፈርዖን ፕሱሴኔስ ቀዳማዊ የብር ሬሳ ሣጥን ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ተጠብቀው የሚታዩ ናቸው። እንዲህ ያለ ዕቃ አንድ ቤት ቡፌ ላይ ከስኳር ጋር አይገኝም። ግብጽ በ1983 ያወጣችው የቅርስ ሕግ ቁጥር 117 የሚመለከተውም የዚያችን አገር ቅርስ ነው፤ በፕሮቪደንስ የተሠራ ማንቆርቆሪያ ስፊንክስ ስለተቀመጠበት የግብጽ ቅርስ አይሆንም። በዚህ በኩል እንቅልፍዎን አይጡ።

ታዲያ የሮድ አይላንድ ሠራተኛ ስፊንክስን ምን አስመኘው? ነገሩ የጀመረው ናፖሊዮን በ1798 ግብጽን ሲወርር ነው። ከወታደሩ ጋር የሄደው ቪቫን ዴኖን በ1802 የፈርዖኖቹን ቤተ መቅደሶች ሥዕል አሳተመ፤ የፓሪስና የለንደን ብር ሠሪዎች ከሥዕሉ እየቀዱ ስፊንክስ፣ የሎተስ አበባ፣ ክንፍ ያላት ፀሐይ፣ አዞና የፈርዖን ራስ በሾርባ ገበታና በሻማ መቅረዝ ላይ አወጡ። ሁለተኛው ማዕበል የመጣው በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ ሲሆን የእርስዎ ዕቃ የዚያ ልጅ ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፈተ፤ የግብጹ ገዢ ኢስማኤል ያዘዘው አይዳ የተባለው ኦፔራ በታኅሣሥ 1871 ካይሮ ላይ ታየ። የኦፔራው ባለታሪክ በግብጽ ቤተ መንግሥት የተማረከች የኢትዮጵያ ልዕልት ናት። ይኸው ኢስማኤል ነው በ1875 እና በ1876 ጦሩን ወደ እኛ ልኮ ጉንደትና ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት የተመታው። ለእርስዎ ዕቃ ዋጋ ይህ ምንም አይጨምርም፤ ግን የኒው ዮርክ ባለጠጋ «የግብጽ ድግስ» እያለ ሻዩን በስፊንክስ ሲቀዳ የኛ ሰዎች ከዚያው ግብጽ ጦር ጋር ይዋጉ እንደነበር ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ለአሜሪካ ሌላም ምክንያት ነበር። በ1859 ኔቫዳ ውስጥ ኮምስቶክ የተባለው ትልቅ የብር ማዕድን ተገኝቶ ብር በገፍ ይወጣ ጀመር፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ገንዘብ ያገኘው መካከለኛ ቤተሰብ ሠርግ ሲደግስ ሙሉ የሻይ ዕቃ ይገዛ ነበር። ጎርሃም በእንፋሎት ኃይል የሚሠራ መምቻ መኪና ስለነበረው የዕቃውን አካል በብዛት ያወጣል፤ ስፊንክሱና የሴቶቹ ፊት ግን ለብቻቸው ቀልጠው ተፈስሰው፣ ተሞርደው ከዚያ ይበየዳሉ። ሦስተኛው ማዕበል በ1922 የቱታንኻሙን መቃብር ሲገኝ የመጣ ነው፤ እሱ ቀለም ያለበትና ማዕዘን የሚበዛበት ስለሆነ ከእርስዎ ጋር አይምታታም።

«የፈርዖን ጽሑፍ» ያሉትን አጉሊ መነጽር ይዘው ቀረብ ብለው ይዩት። አንድ ወፍ፣ አንድ ዓይን፣ ጥቂት ሞገድ መስመር፣ ከዚያ ያው ወፍ ተመልሶ ይመጣል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሻምፖሊዮን እውነተኛውን የግብጽ ጽሑፍ በ1822 ፈትቶታል፤ ብር ሠሪው ግን የሚፈልገው ጌጡን እንጂ ቃሉን ስላልሆነ እንደ ጥልፍ ይደጋግመዋል። ስፊንክሷም ክንፍና ጡት ካላት ከግሪክ የመጣች ናት፤ የግብጹ አብዛኛውን ጊዜ ክንፍ የሌለው፣ ንጉሡን የሚወክል ወንድ ነው። በዚህ ዘመን የተሠራ ዕቃ ላይ ሁለቱ መደባለቃቸው የተለመደ ነው፤ ሐሰተኛ መሆኑን አያሳይም።

ማንኪያዎቹ የሌላ ወገን ናቸው። «1847» የተሠሩበት ዓመት አይደለም፣ የንግድ ስሙ ክፍል ነው። የኮኔክቲከቱ ሜሪደን ብሪታኒያ ኩባንያ ከ1862 ጀምሮ ይህን ምልክት በተለበጡ ዕቃዎቹ ላይ ሲመታ ኖሯል፤ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀጥሏል። ስለዚህ ማንኪያዎቹ ከሻይ ዕቃው በእድሜ ሊያንሱ ይችላሉ፤ እርግጥ የሆነው ግን ብር አለመሆናቸው ነው፤ ከላይ በስሱ ብር የተለበጠ ሌላ ማዕድን ናቸው። በብዛት የሚነኩበትን፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ የሚያርፉበትን የጀርባቸውን ጉብታ ይዩ፤ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ግራጫ ያደላ ቀለም ከወጣ ልባጡ ሄዷል ማለት ነው። ማግኔት አያታልልዎት። ብር ማግኔት አይስበውም፤ ግን ለልባጥ መሠረት የሚሆነው መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ያለበት ቅይጥም እንዲሁ አይሳብም። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም ማለት ይቻላል፤ ካልሳበው ግን ምንም አልታወቀም።

አሁን ወደ ሱቁ ሰውዬ። ስተርሊንጉንና ማንኪያውን ባንድ ሚዛን ላይ የሚጭን ሰው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ አያውቅም፣ ወይ እርስዎ እንደማያውቁ ገምቷል። የማቅለጫው ስሌት ቀላል ነው። 1,650 ግራሙን በ0.925 ሲያባዙ ወደ 1,526 ግራም ንጹሕ ብር ይመጣል፤ ያን ለ31.1 ሲያካፍሉ ወደ 49 ትሮይ አውንስ (የብርና የወርቅ ዋጋ የሚነገርበት መለኪያ) ይሆናል። ይህን በዕለቱ የብር ዋጋ ሲያባዙ ያገኙት ገንዘብ የዕቃው ወለል ነው፤ ከዚያ በጣም በታች የሚሰጥ ሰው እየገዛዎት ሳይሆን እየወሰደብዎት ነው። ሁለት ጥንቃቄ ይያዙ። የወጥ ቤት ሚዛን የሚያሳየው አውንስ 28.35 ግራም ነው እንጂ ትሮይ አውንስ አይደለም። አንዳንድ ገዢ ደግሞ በፔኒዌይት ይመዝንና በግራም ስም ዋጋ ይነግርዎታል፤ አንድ ፔኒዌይት 1.555 ግራም ስለሆነ ልዩነቱ ከኪስዎ ይወጣል። የሚመዝንበትን መለኪያ ጮክ ብሎ እንዲነግርዎት ያድርጉ።

የእርስዎ ዕቃ ግን በወለሉ ዋጋ መሸጥ የለበትም። አገር ቤት አንጥረኛ ማርትሬዛ አቅልጦ ድሪና መስቀል ሲሠራ ብሩ ወደ ሌላ ጌጥ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ዕቃው ሲቀልጥ የ150 ዓመት እጅ ሥራ ተመልሶ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። የብር ዋጋ በወጣ ቁጥር እንደዚህ ያሉ ስብስቦች ወደ እሳት ይሄዳሉ፤ የተረፉት የሚፈለጉትም በዚህ ምክንያት ነው። ሰብሳቢዎች የሚከፍሉት ለፊቶቹ፣ ለዓመት ፊደሉ፣ ለሦስቱ አንድነት ነው። ሦስቱም ላይ ያለው የሞዴል ቁጥርና የዓመት ፊደል አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ ሰው ኋላ ያጋባቸው ናቸው፣ ዋጋቸውም ይወርዳል።

ቢጫነቱና ጥቁረቱ ዝገት አይደለም። የስኳር ዕቃው ውስጥ ያለው ቢጫ ወርቅ ነው፤ ምግብ የሚነካውን ክፍል ከመጥቆር ለመጠበቅና ለውበት በስሱ ይለብጡት ነበር። የወተት ማቅረቢያው ውስጥም ሳይኖር አይቀርም። በቅርጹ መሀል ያለው ጥቁረት ደግሞ በከፊል ብር ሠሪው ሆን ብሎ ያጠቆረው ነው፤ ፊቱና የጨርቁ መስመር ጎልቶ እንዲታይ። እሱን ካነሡት የሴቶቹ ፊት ጠፍጥፎ እንደ ሳሙና ይሆናል። ሌላው፣ ማለትም ቅርጽ በሌለው የዕቃው ገጽ ላይ የተኛው ጭጋግ፣ ብር በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው፤ እንቁላል፣ ሱፍ፣ ጎማና ጋዜጣ ያፋጥኑታል።

እናትዎ በአመድና በሎሚ የናስና የመዳብ ዕቃ ሲያበሩ ኖረው ይሆናል፤ ለዚያ ይሠራል። እዚህ ግን አመዱ ይፍቃል፣ ሎሚው ደግሞ አሲድ ነው፤ የወርቁ ልባጥ እጅግ ስስ ስለሆነ ጥቂት ጊዜ ሲፈተግ ይሄዳል፣ ከሄደ አይመለስም። ስልክ ላይ የሚታየው የአሉሚኒየም ወረቀት፣ ሶዳና ሙቅ ውኃ ዘዴም እውነት ነው፣ ይሠራል፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። የታሰበበትንና ያልታሰበበትን ጥቁረት አይለይም፣ ሁሉንም ይልጣል፤ ውኃውም ባዶ እጀታ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሱቅ የሚሸጠው መንከሪያ ፈሳሽ ከዚህ ይብሳል። ማድረግ ያለብዎት ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ለስላሳ የዕቃ ሳሙና፣ የጥጥ ጨርቅ፣ ወዲያው ማድረቅ፤ በቃ። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ በፍጹም አይግባ።

ከማንኛውም ሥራ በፊት የማንቆርቆሪያውን እጀታ ይመርምሩ። እጀታው ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ላይና ታች ሁለት ስስ ነጭ ቀለበቶች ካሉ፣ ሙቀቱ እጅ እንዳያቃጥል የተገቡ ናቸው፤ በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከዝሆን ጥርስ ነበር። ሙቅ ውኃ ይሰነጥቃቸዋል። ሕጉም አለ፦ አሜሪካ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ንግድን አጥብቃ ገድባለች። ከ100 ዓመት በላይ ለሆኑ ጥንታዊ ዕቃዎችና በውስጣቸው ከ200 ግራም በታች ጥርስ ላለባቸው የተለየ ፈቃድ ቢኖርም ማስረጃ ይጠይቃል፤ እንደ ኒው ዮርክና ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች የራሳቸው የጠበቀ ሕግ አላቸው። ዕቃውን ለእናትዎ ወደ አዲስ አበባ ልውሰድ ካሉ ደግሞ የዝሆን ጥርስ ካለበት ድንበር ለማሻገር ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት የሚጠይቀው የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። ሻንጣ ውስጥ ጠቅልሎ መሄድ ብሩንም ጥርሱንም የማጣት መንገድ ነው።

ከቅርሱ ሕግ ይልቅ የእኔ ትልቁ ስጋት ሌላ ነው፣ እርስዎም አልጠየቁኝም። አዛውንት የሚንከባከብ ሰው ከቤቱ ውድ ዕቃ ይዞ ሲወጣ፣ ስጦታው በንጹሕ ልብ ቢሰጥም፣ ከወራት በኋላ ሌላ ወራሽ «የት ሄደ?» ሊል ይችላል። ብዙ የቤት እንክብካቤ ድርጅቶችም ሠራተኛ ስጦታ እንዳይቀበል ይከለክላሉ። በድርጅት በኩል ከሠሩ የቅጥር ውልዎን ያንብቡ። ከዚያ ልጃቸውን በትሕትና አንድ ገጽ ይጠይቁ፦ ዕቃዎቹን በስም ዘርዝራ፣ ከእናቷ ቤት መሆናቸውን ጽፋ፣ በፈቃዷ እንደሰጠችዎት፣ ቀንና ፊርማ ያለበት። የውርስ አስፈጻሚ ካለ እሱም ይፈርም። ይህ ወረቀት ሁለት ጊዜ ያገለግልዎታል። አንደኛ ከጥርጣሬ ያድንዎታል፤ ሁለተኛ ዕቃው ከማን ቤት እንደመጣ የሚናገር ማስረጃ ስለሆነ ገዢ ይወደዋል። ቤተሰቡ ስለ ዕቃው የሚያውቀው ነገር ካለ፣ የማን የሠርግ ስጦታ እንደነበር ለምሳሌ፣ እሱንም ያጽፉ።

ከዚህ በኋላ የሚመርጡት መንገድ ሦስት ነው። ማቆየት፣ በሐራጅ ቤት መሸጥ፣ ለጥንታዊ ብር ነጋዴ መሸጥ። ነጋዴ ገንዘቡን ወዲያው ይሰጣል፣ ግን መልሶ የሚሸጠው እሱ ስለሆነ ዝቅ አድርጎ ይገዛል። ሐራጅ ቤት ኮሚሽን ይወስዳል፣ ወራትም ያስጠብቃል፤ ነገር ግን የአሜሪካ ብር የሚሰበስቡ ሰዎች የሚመጡበት ጨረታ ላይ ከገባ የተሻለ ዕድል አለው። ከመፈረምዎ በፊት ከዚህ በታች አይሸጥም የሚል ወለል ያስጽፉ፤ ያም ከማቅለጫው ስሌት መብለጥ አለበት። ሁለት ነገር ዋጋውን እንደሚጎዳ ግን ይወቁ። አንዱ የተፋቀ የባለቤት ስም ፊደል ነው፤ ቅርጽ በሌለው ገጽ ላይ በትንፋሽ እፍ ሲሉበት የቆየ ፊደል ጥላ ከታየ ወይም ጣት ሲጫነው ቀጠን ካለ ተፍቋል። ሌላው በእርሳስ የተበየደ ጥገና ነው፤ እግሮቹ ሥርና የክዳኑ ማጠፊያ ላይ ግራጫ እብጠት ይመስላል። እንዲህ ካገኙ ራስዎ ወይም ሠፈር ውስጥ ያለ ጌጣጌጥ ሠሪ አይንካው፤ በዚያ ላይ እሳት ከተለቀቀ እርሳሱ ብሩን ይበላዋል።

የኔ ምክር አንድ ነው። አሁን አይሽጡ፣ አይፈትጉ፣ ሦስቱንም አይለያዩ። በመጀመሪያ ወረቀቱን ከልጃቸው ያግኙ። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ዕቃ ሥር ምልክት፣ ፊቶቹን፣ እጀታውንና ውስጡን በቀን ብርሃን ያለ ፍላሽ ፎቶ ያንሡ። ከዚያ ዕቃውን መግዛት የማይፈልግ የዋጋ ገማች ይቅጠሩ፤ እንደ አሜሪካ የገማቾች ማኅበር ባሉ ድርጅቶች የተመሰከረለት፣ በሰዓት ወይም በቁርጥ ክፍያ የሚሠራ። ከዕቃው ዋጋ በመቶኛ እከፈላለሁ የሚል ገማች ካጋጠመዎት በሩን ያሳዩት። ሲያዝዙም የሚፈልጉትን ይንገሩት፦ ለኢንሹራንስ የሚጻፈው ዋጋ መልሶ ለመግዛት ስንት ይፈጃል የሚለውን ስለሚያሰላ ከሽያጩ ይበልጣል፤ ያን ቁጥር ይዘው ገበያ ቢወጡ ያዝናሉ። እስከዚያው ዕቃውን ባልነጣ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ያለ ላስቲክና ያለ ጋዜጣ፣ ደረቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡት።

ማንኪያዎቹን ግን ከዛሬ ጀምረው ሻይ ያማስሉባቸው፤ የሚሸጡበት ዋጋ ለማስገመቻ አይበቃም።